የመርፌ ምስክርነት

ማላትያ ገበያ ውስጥ፣ መዳብ በሚጮኽበት፣
የሙሽራ ብርድ ልብስ ነው ሥራዬ፣ ሐር ከላይ፣ ጥጥ የሞላበት።
አሥራ አንድ ዓመት፣ እግሬን አጥፌ በሰሌን፣
አሥራ አንድ ዓመት፣ መርፌ ስትወጋኝ ሌባ ጣቴን፣
በወር በወሩ አፌ ይቆስላል፤
ከከንፈሬ ጓዳ፣ ከምላሴ ጥግ፣
ነጭ ሆኖ፣ ዙሪያው ቀልቶ፣ የምስር ክክ ያህላል።
አሥር ቀን ሰንብቶ ይሄዳል፤
በሌላ በር ይመለሳል፤ እንግዳ አይደል፣ ቤቱን ያውቀዋል።

ክር ማራስ ያቅተኛል በከንፈሬ፤
ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀኝ በጣቴ ነው መቁጠሬ።

አማቴ ዱርዳኔ ፈረደች፦ «ሐሜት ነው አፍሽን የበላው፣
የጎረቤት ስም ነው፣ ሳታላምጪ የዋጥሽው።»
የሐሜቴን ልክ አውቃለሁና ጥቂት ፈራሁ፤
ሁለት ሳምንት ሰው ሳላማ ዋልሁ፣ አደርሁ፤
በሦስተኛው ሁለት ቁስል አወጣሁ።

ደብተር ገዛሁ። ከሳሽም ዳኛም እኔው ሆኜ፣
ተጠርጣሪ ለቀምሁ፣ ጓዳዬን እስከ ጨው በትኜ።
ዋልነት፦ ታኅሣሥ በላሁ፣ ቆሰልሁ። ጥር ተውሁ፣ ቆሰልሁ።
ቲማቲም በኮምጣጤ፦ ያቃጥላል እንጂ አያቆስልም፣ በነጻ ለቀቅሁ።
የደረቀ አፕሪኮት፦ በዚህ ከተማ እርሱን መክሰስ ድፍረት ነው፣
ግማሹ ሰው የሚያድረው በእርሱ ነው፤
ቢሆንም አርባ ቀን አሰርሁት። ንጹሕ ነው።
የጥርስ ሳሙና፦ አረፋ በሌለው ለወጥሁት፣
ለአንድ ወር አታለለኝ።
ብረት አንሶሽ ይሆናል አሉ፤ ደሜን ቀዱ፣ ሙሉ ነው።
ሹል ጥርሴን ሞረዱ።
የወር አበባዬን ቀን ከቁስሉ ቀን ጎን ጻፍሁ፤
አንዳንዴ ተገናኙ፣ አንዳንዴ ተላለፉ።
ባሌ ኬናን «ጭንቀት ነው» አለኝ፤
«አትጨነቂ!» ብሎ ጮኸብኝ።

አንድ ጠዋት ዓይኔ ቀላ። ብርሃን እንደ መቀስ ቆረጠኝ።
ዶክተር ቢናዝ አየችኝ፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ስለ አፌ ጠየቀችኝ።
ስለ ዓይኔ ሄጄ ስለ አፌ!
«በዓመት ስንቴ?» ደብተሩን ሰጠኋት።
ዋልነቱ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች።
«ቅልጥምሽ ላይስ? ቀይ እብጠት፣ ሲነኩት የሚያም?»
ነበረ። እግሬን በማጠፌ ነው ብዬ አልቆጠርሁትም።
ሴት ለሴት የሚባለውንም ጠየቀች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤
አዎ አልሁ፣ ወለሉን እያየሁ።

ከዚያ መርፌ አነሣች፣ መድኃኒት የሌለበት፤
ክንዴን ወጋችና «ከነገ ወዲያ ተመለሺ፣ ቆዳሽ ይመልስልኛል» አለች።
ሳቅሁ። «እኔ በቀን አሥር ጊዜ ነው የምወጋው፤
በማግስቱ ጣቴን መግል ቋጥሮ ነው የማገኘው፤
ዛገች እያልሁ ስንት መርፌ ጣልሁ!»
እጇ ቆመ። «ሁልጊዜ?»
«ሁልጊዜ።»
«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽውም?»
ምን ብዬ! መርፌ ሰፊ መውጋቷ ይጻፋል?
ዓሣ ራስሁ ብሎ ውኃን ይከስሳል?

በሁለተኛው ቀን ክንዴ መለሰ፦
ቀይ ጉብታ፣ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ፣
በገዛ ቆዳዬ ላይ የወደቀ አራት ነጥብ።
«ቤሕቼት ይባላል» አለች፣ «በጥንቱ የሐር መንገድ ዳር ይበዛል።»
ቀሚሴ ላይ የሐር ክር ተጣብቆ ነበር።
ወንጀለኛው ከሳህኔ አልነበረም፤
የገዛ ደሜ ዘበኛ ነው፣ ጥላ ባየ ቁጥር የሚተኩስ፣
ባለቤቱን ከሌባ ያልለየ።
«ሥሩስ?» አልኋት።
«ሥሩን ገና ማንም አላወቀም። ግንዱን ግን ያዝነው።»

ክኒኑ ይመራል። ዓይኔን በየሦስት ወሩ አሳያለሁ።
አፌ ከስንት አንዴ ይቆስላል፤ አፕሪኮት እበላለሁ።
ለአማቴ ነገርኋት። «እኔስ ምን አልሁ?
ከውስጥሽ ነው ብያለሁ!»

ዛሬ ቀይ ሐር ላይ ሳለሁ ጣቴን ወጋችኝ።
መርፌዋን አልጣልኋትም።
ደብተሩን ስቤ ቀኑን ጻፍሁ።